ምዕራፍ 9፦ የአንጀት ቁስለት በዘር ይወርዳል?

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌው ጣቱን እያጠፈ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ይቀራል። ቀጥሎ በቤቱ የሚወርድ በሽታ እንዳለም ይጠየቃል። ከልጆቹ አንዱ ለዓመታት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያሠቃየው ከሆነ የሌሎቹም ትዳር ሊደናቀፍ ይችላል። ይህ ፍርድ ከባድ ነው፤ በአብዛኛውም ልክ አይደለም።

እዚህ የምናነሣቸው ሁለት ሕመሞች ናቸው። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ በትልቁ አንጀት ይወሰናል። በሁለቱም የሰውነት መከላከያ በአንጀት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላይ ከልክ በላይ ይቆጣና የገዛ አንጀቱን ያቆስላል።

ዘር ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከክሮንስ ጋር የተያያዘ የመጀመሪያው ዘረ መል፣ ኖድ2 ተለየ። ከዚያ ወዲህ የተገኙት የዘረ መል ስፍራዎች ከ200 በላይ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን ትንሽ ነው። በመልክም በዘርም አንድ ከሆኑ መንትዮች አንዱ በክሮንስ ቢታመም እንኳ፣ ሌላው ሳይታመም የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። በኮላይቲስ ደግሞ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ከቤተ እስራኤላውያን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ከገቡት መካከል፣ ዓመታት ከቆዩ በኋላ ክሮንስ የያዛቸው ታይተዋል። ሐኪሞች ሲያጠኗቸው የቅርብ ዘመዳቸው የታመመባቸው አልተገኙም። ዘራቸው ያው ነበር፤ የተለወጠው አኗኗራቸው ነው። ስለዚህ «በቤታችን ማንም የለበትም» ማለት ከበሽታው ነፃ አያደርግም።

ሽማግሌው የሚቆጥረው ግን ከንቱ አይደለም። በሕፃንነት የሚጀምር፣ እጅግ የከፋ የአንጀት ቁስለት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደታወቀው የአንዳንዶቹ ሕፃናት ሕመም የሚመጣው ከአባትም ከእናትም የተበላሸ አንድ ዓይነት ዘረ መል ሲደርሳቸው ነው፤ ይህም ዘመድ ከዘመድ በሚጋባበት ቤት ይበዛል። ሰባት ቤት መቁጠር ይህን ይቀንሳል። ልማዱን ስላገኘነው ልናመሰግን ይገባል።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። ሆድ ሲረበሽ «አሜባ ነው» ተብሎ ሰገራ ሳይመረመር ሜትሮኒዳዞል ከመድኃኒት ቤት መግዛት የተለመደ ነው። ተቅማጡ ከአንድ ወር ካለፈ፣ ደም ከታየበት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም ክብደት ከቀነሱ ሌላ ክኒን አይጨምሩ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የወሰዱትን መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ ይዘው ይቅረቡ። ቤተሰብ ውስጥ የታመመ ካለ ሳያፍሩ ይናገሩ። በቤትዎ ወይም በጎረቤት ሳል የቆየበት ወይም የቲቢ ታካሚ ካለም ይንገሩ። የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ለመለየት በካሜራ አንጀትን ማየትና ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ክሮንስን የሚያስታግሰው ፕሬድኒሶሎን ቲቢ ላለበት ሰው ሲሰጥ በሽታውን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ቲቢ አለመኖሩን ሳያጣራ ይህን ክኒን አይጀምሩ።