የኮሶ ዛፍ በቅጽራችን ውስጥ፦ ወንዴውንና ሴቴውን አብሮ ስለ መጠበቅ

ኮሶ ከሀገራችን ደጋ አንሥቶ እስከ ማላዊ ባሉ የአፍሪካ ተራሮች ላይ ብቻ በተፈጥሮ የሚበቅል ዛፍ ነው። በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ አካባቢ፣ ከጥድ ጋር ተሰባጥሮ ደን ሆኖ ይታያል፤ በብዙ ደጋማ ወረዳዎች ግን የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ብቻውን የቆመው አሮጌ ዛፍ ነው። በኋላ የተሻረው አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን ከዝግባ፣ ከጥድና ከዋንዛ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር።

ይሁን እንጂ ከመጥረቢያ የዳነ ዛፍ ሁሉ ዘሩን ይተካል ማለት አይደለም። የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ በየራሱ ዛፍ ላይ ነው የሚያብበው። ቀላ ያለ ዘለላ የሚያንዠረግገው ሴቴው ሲሆን የወንዴው አበባ ነጣ ያለ ብርቱካናማ ነው። በአቅራቢያው ወንዴ የሌለው ሴቴ ዛፍ በየዓመቱ ቢያብብም የሚበቅል ፍሬ አያፈራም። አባቶቻችን ትልን ለማስወጣት ሲጠጡት የኖሩትም የሴቴውን አበባ ነው (መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ ልብ ይሏል)። ዘለላው ፍሬው ሳይበስል ከተለቀመ የዚያ ዓመት ዘር አብሮ ይሄዳል። ሰበካ ጉባኤው ከመድኃኒት ዐዋቂዎች ጋር ተመካክሮ በእያንዳንዱ ሴቴ ዛፍ ላይ ጥቂት ዘለላ ሳይነካ እንዲቀር ቢያደርግ መልካም ነው።

ፍሬው እጅግ ደቃቅ ነው፤ ከተቀመጠም የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ ደርቆ ቡናማ የሆነውን ዘለላ አሽቶ፣ ከደቃቅ አሸዋ ጋር ደባልቆ፣ ሳይውል ሳያድር በመደቡ ገጽ ላይ መበተንና የተነፋ ዐፈር በስሱ ማልበስ ይገባል። እንደ ባቄላ የተቀበረ የኮሶ ዘር አይወጣም።

ችግኙ ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ ድረስ አይታወቅም። ሁለቱ እኩል ይበቅላሉ ብንል እንኳ፣ ሦስት ችግኝ ብቻ የተከለ ደብር ከአራት አንድ ዕድል ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆኑበታል። ከተለያዩ እናት ዛፎች የተገኙ ከ10 ያላነሱ ችግኞችን አቀራርቦ መትከል ይህን ስጋት እጅግ ያሳንሰዋል።

ኮሶ ብርሃን ወዳድ በመሆኑ ጥቅጥቅ ባለው ደን መካከል አያድግም፤ ከቅጽሩ ውጭ ደግሞ ከብት ይግጠዋል። ተስማሚው ቦታ ከካቡ በስተውስጥ ያለው ፀሐይ የሚያገኘው ጠርዝ ነው። ብዙ ጊዜ ባሕር ዛፍ የሚተከልበትም ይኸው ቦታ ስለሆነ፣ የክረምቱ ተከላ ሳይጀመር ጉዳዩ በሰበካ ጉባኤ ተወስኖ ሊያድር ይገባል።