ልጆች ይዞ አዲስ አበባ፦ ጠዋቱ ለእነሱ፣ ከሰዓቱ ለዘመድ

ውጭ አገር የሚኖር ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ የሚገባው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ያ ደግሞ እዚህ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭልጥ ያለ ክረምት ነው። ወሩን መምረጥ ያልቻለ ሰዓቱን ይምረጥ። የከተማዋ ሰማይ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይፈካል፣ ከምሳ በኋላ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይለቀዋል፤ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቅላል። ስለዚህ ከልጆች ጋር የምትወጡት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የምትመለሱት ለምሳ ይሁን። በቀን አንድ ቦታ ይበቃል። ሁለተኛ ቦታ የጨመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የመኪና ሰልፍ ነው።

ከሰዓቱን ለዘመድ ስጡት። ዘመድ ጥየቃ ካልተገደበ ጉብኝቱን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል፤ ልጆቹም ከሳሎን ሳሎን እየዞሩ በማያውቋቸው አክስቶች ሲሳሙ ይከርማሉ። የሚሻለው አንድ እሑድ አንድ ቤት መርጦ ሁሉንም መሰብሰብ ነው። ቅር የሚለው አይጠፋም፤ ግን እሱም ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የትም አትሂዱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ልጅ ቶሎ ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ውኃ ይጠማዋል። ደመና ቢኖርም ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል፣ ኮፍያ አይረሳ። ከዋሽንግተን የመጣ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ ገና እዚያው ነውና ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቶ ራት ይጠይቃል። ዳቦና ሙዝ አልጋው አጠገብ ይኑር።

ለትንንሽ ልጆች አንደኛ የምለው በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ ነው። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ፤ ዕቃ አታብዙ። ግቢው ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ልይ ያለ ሁሉም ያመልጠዋል። ልጆቹ ሳይደክሙ ቀጥታ ወደ አንበሶቹ ሂዱ፤ ጥቁር ጎፈር ያለውን ካዩ በኋላ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ምኒልክ ከተማቸውን ቁልቁል ያዩበት እንቁላል ቤት በቅርጹ ብቻ ልጅ ያስቃል። የዙፋን አዳራሹ ምድር ቤት ግን የደርግ እስር ቤት ነበር። እሱን አባትና እናት ተራ በተራ ይዩት፣ ልጆቹ ውጭ ሣር ላይ ይቆዩ።

ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ከላይኛው ፎቅ የጀመረ ቤተሰብ ድንቅነሽ ጋ ሲደርስ ልጁ ታዝሎ ተኝቷል። ከምድር ቤቱ ጀምሩ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች ቅሪተ አካል ናት። ለእይታ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ቅጂው ነው፤ ልጅ ግን ይህ አያሳስበውም። ልጅን የሚገርመው ቁመቷ ነው፦ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲም ገደማ። ቆማ ከምትታየው አጠገብ የአምስት ዓመት ልጃችሁን አቁሙት፤ ጭንቅላቱን በመዳፉ ለክቶ «እኔ እበልጣለሁ!» ብሎ አዳራሹን ያናውጠዋል። ከዚያ ዲኪካ ላይ በ1993 ዓ.ም. ስለተገኘችው ሰላም ንገሩት። ስትሞት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረች፤ የኖረችው ግን ከድንቅነሽ በፊት ነው፣ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አስቀድሞ። ሕፃኗ ከትልቋ እንዴት እንደምትቀድም ማስረዳት የእናንተ ፋንታ ነው።

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ከፍ ላሉት ይሻላል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ስለሆነ መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያቸው ሳይቀር ይታያል። ውጭ የቆመውን ጠመዝማዛ ደረጃ ልጆቹ ይቁጠሩት። ፋሽስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ላለፈው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ደረጃ አድርገው ነው የሠሩት፤ አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ አንበሳ የጨመርነው እኛ ነን።

እንጦጦ ፓርክ ፈረስም፣ መሮጫም፣ ንጹሕ አየርም አለው፤ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ሐምሌ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጃኬትና ቅያሪ ካልሲ ይዛችሁ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ጠዋት ብቻ ውጡ።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ በቀላሉ ይገኛል፤ የሕፃን መቀመጫ ያለው ግን ዘበት ነው። ከቤታችሁ አምጡ፣ የኋላ ቀበቶውም መሥራቱን እዩ። በኮሪደር ልማቱ በሰፉት ዋና ዋና መንገዶች ዳር የሕፃን ጋሪ እንደ ልብ ይሄዳል። ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ ግን ጎማው ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ ማዘያ ነው የሚያዋጣው፣ አያት ካለች ደግሞ የሷ ነጠላ።

ውኃ የታሸገ ብቻ፣ ጥርስ ለመቦረሽም ቢሆን። ጥሬ ሰላጣ ይቅር። ስፕሪስ ልጆች የሚያብዱለት ጭማቂ ነው፤ ሲጨመቅ ውኃ የማይቀላቀልበትን ቤት ፈልጉ። ሆድ ከተበላሸ ኦ.አር.ኤስ. በየፋርማሲው አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ወባ አያሰጋም፤ ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ግን ሐኪም አማክሩ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ የምትጠይቁት ቤት ሁሉ ጾም ሊሆን ይችላል። እንቁላል ወይም ወተት ለለመደ ልጅ ከቤት አብልታችሁ ውጡ። ሽሮው ለልጆች አልጫ እንዲሆን ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉ፤ አያት «ትንሽ ነው በርበሬው» ብትል አትመኑ።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ዱላ የያዙ ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ በር ይመጣሉ፤ ዋዜማው ላይ የሚጀምሩም አሉ። የእናንተ ልጆች በመስኮት ከማየት ይልቅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ይቀላቀሉ፤ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ጎረምሳ ግጥሙን ቢያስጠናቸው አዝማቹን አያጡትም። ለጨፋሪዎቹ የሚሰጠውን ሙልሙል ዳቦ ዘመድ ይጋግራል፤ እናንተ ዝርዝር ብር አዘጋጁ፣ የሚመጣው ቡድን አንድ ብቻ አይደለምና።