ሕፃናትን በቤት ስለ ማስተማር

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 ወላጆች የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ሲያዝዝ የማስተማሪያ አዳራሽም የደወል ሰዓትም አይወስንም፤ በተቀመጡበትና በሚሄዱበት፥ በመኝታና በመነሻ ጊዜ ሁሉ እንዲነገር ይፈልጋል እንጂ። በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብከንበታል። ነገር ግን የቤትን ጠባይ ምን ያህል ያወቀ ትእዛዝ እንደ ሆነ የተረዳነው ዘግይተን፥ በ2012 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ስለ ገባ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መጋቢት 7 ቀን ታዘዘ። ዕለቱ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት፥ የመፃጉዕ ማግስት ነበረ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ባለችው በዲጋም ልጆች በየቤታቸው ቀሩ፤ ወላጆችም ምክር ፈልገው ወደ ካህናት መጡ። እኛም ብዙ ሳናስብ ወረቀት አስምረን፥ ሰኞ ፊደል፥ ማክሰኞ ንባብ፥ ረቡዕ ጽሕፈት እያልን የሳምንቱን ሁሉ ሥርዓት ጽፈን ሰጠናቸው።

ወረቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ አልሠራም። በፋሲካ ሰሞን አንዲት እናት መጥታ፥ «አባታችን፥ ያዘዙንን አልፈጸምንም። አንድ ሳምንት ሕፃኑ ታመመ፤ በሌላው እንግዳ መጣ፤ አሁን ደግሞ የበቆሎ ዘር ደርሷል። ከምንበድል ብንተወው አይሻልም?» አለችን። ይህች ሴት ሰነፍ አልነበረችም፤ ልጇን ከማስተማር ልትለይ የደረሰችው የማይሆን ሸክም ስለ ጫንንባት ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበረ።

የኔታ ጉባኤ ሲዘረጉ ሥራቸው እርሱ ብቻ ነው፤ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ስለሚያስቈጥርላቸውም ቢደክሙ ትምህርቱ አይቋረጥም። በቤት ግን መምህርቷ እንጀራ ጋጋሪም፥ አስታማሚም፥ አራሚም ናት። ስለዚህ የጉባኤ ቤቱን ሥርዓት እንዳለ አንሥቶ በቤት ላይ መትከል አይገባም።

ይልቁንም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቈጣጠር እንመልከት። የዐቢይ ጾም ሰንበታት ዘወረደ፥ ቅድስት፥ ምኩራብ፥ መፃጉዕ፥ ደብረ ዘይት፥ ገብር ኄር፥ ኒቆዲሞስ፥ ሆሣዕና ተብለው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምንባብና ዜማ አላቸው፤ አንዱ ሳምንት ሌላውን አይመስልም። የሐዋርያት ጾምም በየዓመቱ ይረዝማል፥ ያጥራል። የረቡዕና የዓርብ ጾም እንኳ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ይፈታል። ከዚህ ሁሉ መለዋወጥ ጋር ግን ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ በየቀኑ ይደገማል፤ ሳምንቱ ቢለዋወጥም የዕለቱ ድርሻ ትንሽና የታወቀ ነው። ለቤት ትምህርትም የሚበጀው አብነት ይህ ይመስለናል፤ ሳምንቱ እንደ ኑሮው ይዘዋወር፥ የማይቀረው የዕለት ድርሻ ግን ጥቂት ይሁን።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ልጆችን ስለ ማሳደግ በጻፈው ድርሳን ለአባት የሚሰጠው ምክር እንዲሁ ነው። በማታ የቃየንንና የአቤልን ታሪክ ለልጁ እንዲነግረው፥ በሌላ ማታ እንዲደግምለት፥ ኋላም ልጁ ራሱ መልሶ እንዲተርከው፥ ይህ ሳይጸና ወደ ያዕቆብና ኤሳው እንዳያልፍ ይመክራል። ያ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን በሚነበብበት ቀን ልጁን ይዞ መሄድ እንደሚገባም ይናገራል፤ ሕፃኑ የሚያውቀውን ሲሰማ ደስ ይለዋልና። አንድ ታሪክ ብዙ ማታ እንደሚፈጅ ልብ በሉ። ቀን ጊዜ የሌለው ቤትም አይፈር፤ ኒቆዲሞስ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነው።

ወደ ፊደል እንምጣ። የግእዝ ፊደል 26 ነው፤ እያንዳንዱ ሰባት መልክ ስላለው 182 ይሆናል። በሳምንት አንድ መስመር ብቻ፥ ይኸውም ሰባት ፊደል፥ ቢጠና በ26 ሳምንት ያልቃል። ከሁለት ሳምንት አንዱ ቢባክን እንኳ በዓመቱ ይፈጸማል። የከፋው ስሕተት ያመለጠውን ሳምንት በሚቀጥለው ላይ ደርቦ መጫን ነው፤ እናት ትቈጣለች፥ ልጅ ይጠላል። በአለንጋ ተምረን ጠቅሞናል የሚሉ አባቶች አሉ። እኛም ተገርፈናል፤ የጠቀመን ግን የየኔታ ትዕግሥት እንጂ አለንጋው አይመስለንም።

በዲጋ ሌላም ነገር አለ። የብዙው ቤት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በትምህርት ቤትም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል ይጻፋል። ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያን ግእዙን ሲጀምር ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ይገናኙበታል። ይህን እንደ መከራ የሚያዩ አሉ፤ እኛ አንስማማም። አዲስ የቁቤ ፊደል በጀመረበት ሳምንት አዲስ የግእዝ መስመር አይጨመርበት፥ የቀደመው ይከለስለት፤ ይህ ይበቃል። ታሪኩና ምሥጢሩ ግን እናቱ በምትናገረው ቋንቋ ይነገረው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ማንበብ አላነሰውም፤ የሚያስረዳው ነበረ የጐደለው።

ከዚያም ወዲህ በወለጋ በጸጥታ ጉድለት ምክንያት በየስፍራው ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ ነገሩ የበሽታው ዘመን ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ለዚያች እናት የተሰመረውን ወረቀት ተቀብለን፥ በሳምንት አንድ መስመር፥ ማታ ከጸሎት በኋላ ጥቂት ደቂቃ፥ ያመለጠ ሳምንት እንዳይካካስ ብለን አሰናበትናት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች መከፈት ሲጀምሩ ከፋሲካ ወዲህ 26 ሳምንት ሆኖ ነበር፤ ልጁም «የ» ላይ ደርሷል፤ ይኸውም 18ኛው መስመር ነው። ስምንቱ ሳምንት የት እንደ ሄደ ብንጠይቃት፥ ሦስቱ በዘር፥ ሁለቱ በወባ፥ ሦስቱ በቆሎውን ከዝንጀሮ በመጠበቅ እንዳለፉ ቈጥራ ነገረችን። ልጁ ግን በጥበቃው ማማ ላይ ሳለ የተማራቸውን መስመሮች ከ«ሀ» ጀምሮ በታላቅ ድምፅ እየጮኸ ዝንጀሮዎቹን ያባርርባቸው እንደ ነበረ ጎረቤቶቿ ነገሩን።