ያልጠጣሁት ወተት

የሚነበበው ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 14፥8-22 እና 16፥1-3



የዛሬውን ጥናት በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ደጋ ላይ፣ ኢቴን በምትባል የኬንያ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አገኘች። እናቷ ስለ ታመመች እኔ እንዳደርሳት ተለመንኩ። ሙቭመንት ፓስ አውጥተን ከካኩማ ተነሣን። ሎድዋርን አልፈን፣ የማሪችን ዳገት ወጥተን፣ በካፔንጉሪያና በኪታሌ አድርገን ኤልዶሬት ደረስን፤ ከዚያ ኢቴን ገባን። በየኬላው ወረቀታችንን እያሳየን ነው የሄድነው።

ኢቴን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በአንድ በኩል መሬቱ ድንገት ተቆርጦ የኬሪዮ ሸለቆ ከሥር ይታያል። በዓለም የታወቁ ሯጮች ስለ ወጡባት መግቢያዋ ላይ የሻምፒዮኖች ቤት መሆኗን የሚናገር ቅስት ቆሟል። ለእኛ አገር ሰው በቆጂ እንደ ማለት ነው። እኔ ግን የመጀመሪያ ቀን ይህ ሁሉ አልታየኝም። የታየኝ ብርዱ ነው። ከካኩማ ሙቀት በነጠላ ጫማና በስስ ልብስ የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን ገምቱት። ትንሽ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ያጥራል፤ በአጠገቤ ደግሞ ወጣቶቹ በቀዩ አፈር ላይ እንደ ሚዳቋ ይሮጣሉ።

ያሳደረችን አንዲት የቤተ ክርስቲያን እናት ናት። ሁሉም «ማማ» ይሏታል። ገና በሩ ላይ ሳለን እንደ ባህላችን አቅፌ ጉንጭና ጉንጯን ሳምኳት። እሷ ግን እጇን ለመጨባበጥ ዘርግታ ነበርና ደርቃ ቀረች። «ሰው አትወድም» አልኩ በልቤ። ማታ ኡጋሊና ሱኩማ ቀረበ። ለልጇ ጎርሼ ላጎርሳት እጄን ስዘረጋ ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። እኔም አፈርኩ።

ከእራት በኋላ ማማ ከረጅም ቅል ውስጥ ወተት ቀድታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ «ካሪቡ» ብላ ሰጠችኝ። የረጋ ወተት ነው፤ መልኩ ግራጫ፣ በውስጡም ጥቁር ጥቁር ነገር አለበት። ቆሻሻ መሰለኝ። ሆዴን እያመመኝ ነው ብዬ መለስኩላት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ምንም አላለችም፤ ኩባያውን ወስዳ ከደነችው። በማግሥቱ ጠዋት ሻይ ብቻ አቀረበችልኝ።

እውነቱን ያወቅሁት ከተመለስኩ በኋላ፣ ልጅቷ ስልክ ስትደውል ነው። ወተቱ «ሙርሲክ» ይባላል። ካሌንጂኖች የቅሉን ውስጥ ከተመረጠ እንጨት በተገኘ ፍም ያሹታል፤ ጥቁሩ ነገር የከሰሉ ዱቄት ነው። ሜዳልያ ይዘው የሚመለሱ ሯጮቻቸውን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወጥተው የሚቀበሉት በዚህ ወተት ነው። እኔን የተቀበለችኝ እንደ ክብር እንግዳ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን አለቀስኩ። ለምን? እናቴ የወተቱን ዕቃ በወይራ ስታጥን እያየሁ ነው ያደግሁት። ያ ጭስ የናፈቀኝ እኔ፣ የሌላ እናት ጭስ ሲቀርብልኝ ቆሻሻ ብዬ ገፋሁት።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ።

1. የማናውቀውን ቋንቋ በችኮላ አንተርጉም

ጳውሎስና በርናባስ ከጴርጌ ተነሥተው፣ የታውሮስን ተራራ አልፈው፣ ወደ ደጋው አገር ወጡ። ዮሐንስ ማርቆስ ከጴርጌ እንደ ተመለሰ አስተውሉ (13፥13)። ልስጥራ በዚያ ደጋ ላይ፣ ዛሬ ኮንያ ከምትባለው የቱርክ ከተማ በስተ ደቡብ የነበረች ከተማ ናት። እዚያ አንድ ሽባ ሲፈወስ ሕዝቡ በሊቃኦንያ ቋንቋ ጮኸ። ሐዋርያት የገባቸው አይመስልም፤ በሬዎቹና የአበባ ጉንጉኑ ለመሥዋዕት እስኪመጡ ድረስ ዝም አሉ።

ሕዝቡስ ለምን እንዲህ አደረገ? ኦቪድ የሚባል የሮም ባለቅኔ የጻፈው አንድ ተረት አለ። ሁለት አማልክት ሰው መስለው በዚያው አቅራቢያ ወዳለው ወደ ፍርግያ ኮረብታ መጡ፤ ሺህ በር አንኳኩተው ተዘጋባቸው፤ የተቀበሏቸው ሁለት ድሆች፣ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ፤ የቀረውን አገር ውኃ ዋጠው። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪዎች የልስጥራ ሰዎች ይህን የመሰለ ታሪክ ሰምተው ነበር ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ሕዝቡ ሞኝ አልነበረም፤ እንግዳን ዳግመኛ እንዳይገፋ ፈርቶ ነው። ከውጭ ስናየው ግራ የሚገባን ነገር ከውስጥ ምክንያት አለው። የማማ ዝምታም፣ የልጇ መደንገጥም ምክንያት ነበረው። እኔ ግን ሳልጠይቅ ፈረድኩ።

2. በጋራ ከምናውቀው ነገር እንጀምር

በጲስድያ አንጾኪያ፣ በምኵራብ፣ ጳውሎስ ስለ እስራኤል አባቶች ተናገረ (13፥16-41)። በልስጥራ ግን እንዲህ አላደረገም። ለእነዚህ ገበሬዎች ስለ ዝናብ፣ ስለ መኸር፣ ሰውን ስለሚያጠግብ እህልና ስለ ልብ ደስታ ነገራቸው (14፥17)። ዝናብ ለሁሉም ይዘንባል፤ ራብም ሁሉም ቤት ይገባል። ስብከቱን አላሳነሰም፤ በሩን ግን እነሱ በሚያውቁት በኩል ከፈተው።

እኛስ? ከቱርካና እናት ጋር ውኃ ስንቀዳ፣ ከደቡብ ሱዳን ወይም ከኮንጎ ከመጣ ጎረቤት ጋር ለራሽን ስንሰለፍ የምንጀምረው ከምን ነው? ከልዩነቱ ነው ወይስ ሁላችን ከምናውቀው ከልጅ፣ ከእሳትና ከወተት?

3. መመለስ ይቻላል

አንድ ነገር አንደብቅ። ባዕድ አገር ሁሉ አቅፎ አይቀበልም። ያው አማልክት ናችሁ ያለው ሕዝብ፣ ከአንጾኪያና ከኢቆንዮን የመጡ ሰዎች ሲቀሰቅሱት ጳውሎስን በድንጋይ ወግሮ የሞተ መስሎት ከከተማ ውጭ ጎትቶ ጣለው። ከእኛ መካከልም በሄደበት የተደበደበ፣ የተሰደበ አለ። ቁስሉን ትንሽ ነው አንልም።

ነገር ግን ደቀ መዛሙርት ከበቡት፤ ተነሣ፤ ወደዚያችው ከተማ ገባ። በማግሥቱ ወደ ደርቤ ሄደ፤ በኋላም ወደ ልስጥራ ተመለሰ (14፥21)። በሌላ ጊዜ እንደገና ሲመጣ ደግሞ እዚያ ጢሞቴዎስን አገኘ (16፥1)። የአያቱ የሎይድና የእናቱ የኤውንቄ እምነት ያሳደገው ይህ ልጅ ለጳውሎስ እንደ ልጁ ሆነለት። ድንጋይ ከተወረወረበት ከተማ ልጅ ወጣለት። ባይመለስ ኖሮ ልስጥራ በእሱ ዘንድ የድንጋይ ከተማ ብቻ ሆና በቀረች ነበር።

እኔ ወደ ኢቴን ለመመለስ ፈቃድ ገና አላገኘሁም። ግን በልጅቷ በኩል ለማማ ይቅርታ ላክሁ፤ የእናቴንም የወይራ ጭስ ነገርኳት። ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷ ከአውቶቡስ ስትወርድ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ቅል ይዛ ነበር። ማማ የላከችው ነው። መንገዱ ረጅም፣ ሙቀቱም ከባድ ስለሆነ ይበልጥ ኮምጥጦ ነበር። እኔና እናቷ ቁጭ ብለን እስከ መጨረሻው ጠጣነው።

ከመካከላችን ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ የምትጠባበቁ አላችሁ። እዚያም ብርድ አለ፤ የማታውቁት ምግብና የማይገባችሁ ዝምታ አለ። ሁሉን ተቀበሉ አልላችሁም። ከመግፋታችሁ በፊት ግን «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለውይይት

• ሳትጠይቁ የገፋችሁት ወይም ሳይጠይቋችሁ የተገፋችሁበት ጊዜ አለ? ለቡድናችሁ ተናገሩ።
• በዚህ ካምፕ ካለ የሌላ አገር ጎረቤታችሁ ጋር የጋራ የሆነው ነገር ምንድን ነው?
• ልትመለሱበት የሚገባ «ልስጥራ» ማን ወይም የት ነው? በዚህ ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ?

ጸሎት

ጌታ ሆይ፣ እንግዶች ሳለን በየደረስንበት ኩባያ የዘረጉልንን ባርክ። በፍርሃት የገፋነውን ይቅር በለን። የቆሰሉትን ፈውስ፤ ለመመለስም ብርታት ስጠን። አሜን።