በጥቂት ገንዘብ የጨዋታ ኮምፒዩተር ስለ መገጣጠም

የጨዋታ ኮምፒዩተር ተሠርቶ ከሚገዛ ይልቅ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተመርጠው ቢገጣጠሙ ርካሽ እንደሚሆን ብዙ ተማሪዎች ሰምተዋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን እውነት የሚሆነው መራጩ የሚመርጠውን ሲያውቅ ብቻ ነው። በከተማችን ሱቆች የተሸጠ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይመለስም። የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል። ከወር ወጪው እየቆጠበ ለሚገዛ ተማሪ ሁለተኛ ዕድል የለምና፥ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ማስረዳት ፈለግን።

ሱቅ ከመግባታችን በፊት ልንመልሰው የሚገባን ጥያቄ «የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል?» የሚለው አይደለም፤ «ምን እንጫወታለን? በምን ስክሪንስ ላይ?» የሚለው ነው። ስክሪን ማለት የነጥቦች ሰሌዳ ነው። 1920 በ1080 የሆነው 2,073,600 ነጥቦች ሲኖሩት፥ ፎርኬ የሚባለው 8,294,400 አለው፤ ይኸውም ልክ አራት እጥፍ ነው። እነዚህ ነጥቦች በሴኮንድ 60 ጊዜ እንደ አዲስ እንዲሣሉ ከፈለግን፥ ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ፎርኬ ስክሪን በርካሽ ያገኘ ሰው ግራፊክስ ካርዱን በውድ ይገዛል ማለት ነው። ለተማሪ አቅም የሚስማማው 1920 በ1080 ነው ብለን እናምናለን።

በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ይቀባበላሉ። ፕሮሰሰሩ ጥይቱ ማንን እንደ መታ፥ ኳሱ ወዴት እንደ ሄደ አስልቶ ትእዛዙን ያቀብላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን ይሥላል። ነገሩ እንጀራ እንደ መጋገር ነው፤ ሊጥ የሚያቀብለው ከዘገየ ምጣዱ ባዶውን ይግላል፥ ምጣዱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሊጡ ተቀምጦ ይጠብቃል። ካውንተር ስትራይክ 2ን የመሰሉ ፈጣን የውድድር ጨዋታዎች ብዙውን ሸክም በፕሮሰሰሩ ላይ ሲጥሉ፥ ሳይበርፐንክ 2077ን የመሰሉ ሥዕላቸው የበዛ ጨዋታዎች ካርዱን ያደክማሉ። በጠቅላላው ግን ከመቶ ብር ከ35 እስከ 40 ብር ለካርዱ፥ ከ15 እስከ 20 ብር ለፕሮሰሰሩ ቢመደብ ሚዛኑ አይዛባም። ከጓደኞቻችን አያሌዎቹ ይህን ገልብጠው፥ ስሙ የገነነ ፕሮሰሰር ከገዙ በኋላ ለካርድ የሚተርፍ ያጣሉ።

ለምሳሌ አንድ ስብስብ እንውሰድ። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮር ያለው ሲሆን፥ ኤኤም4 በሚባለው የማዘርቦርድ መሰኪያ ላይ ይቀመጣል። በዚያው ዓመት የወጣው ኤኤም5 ወደ ፊት ለማሻሻል ይመቻል፤ ነገር ግን ከዲዲአር5 በቀር ሌላ ራም አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ስለ ናረ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዲዲአር4 ግን ያገለገለ ማግኘት ስለሚቻል ለአሮጌው መሰኪያ እናደላለን። ራሙንም ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ከመግዛት ባለ 8 ሁለት መግዛት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ስለሚቀዳ ፍጥነት ይጨምራል። ማዘርቦርዱ ቢ450 ከሆነ ባዮሱ ለ5600 የታደሰ መሆኑን ሻጩ ከፍቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ነው፤ ያለዚያ ስክሪኑ ጨልሞ ሊቀር ይችላል።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ስንደርስ ያገለገለ መግዛት ለብዙዎቻችን ግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 6600 ለጠቀስነው ስክሪን በቂ ነው፤ የሚፈልገውም 132 ዋት ብቻ ነው። ከዚያ በታች ለሆነ አቅም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አርኤክስ 580 አለ፤ በእርሱ ላይ ግን ወጥመድ አለበት። በስሙ ላይ «2048ኤስፒ» የሚል ጭራ ያለው ካርድ ከዋናው 580 ያነሰ ነው፤ ዋናው 2304 የማስሊያ ክፍሎች ሲኖሩት ይህኛው ያሉት 2048 ናቸው፤ ማለት 570 በሌላ ስም። ከዚህም የባሰ፥ ማንነቱ በፕሮግራም ተለውጦ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ» የሚል አሮጌ ካርድ አለ። መድኃኒቱ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው።

ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፥ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ወደ ገበያ ወጡ። «የማይኒንግ ካርድ ነው» ብሎ ፈጽሞ መሸሽ ግን አስፈላጊ አይመስለንም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ፋኑ ነው፥ ፋን ደግሞ ይቀየራል። ዋናው ነገር ከመክፈል በፊት ከባድ ጨዋታ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። በስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ከታየ፥ ኮምፒዩተሩ በራሱ ከጠፋ፥ ወይም ሻጩ «ግማሽ ሰዓት የለኝም» ካለ ትቶ መውጣት ነው።

ሁሉም የሚንቀው ፓወር ሰፕላዩን ነው። እኛ ግን ከአገራችን መብራት ጠባይ የተነሣ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እርሱ ነው እንላለን። በላዩ «500 ዋት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈው አይታመን። በጎኑ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቦ በ12 ቮልት ስንት አምፔር እንደሚሰጥ መመልከት ነው፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም በዋናነት የሚመገቡት ከዚያ ነውና። 38 አምፔር ቢል፥ 12 ሲባዛ በ38፥ 456 ዋት ይሆናል፤ ይህ ደግ ነው። 18 አምፔር ቢል ግን 216 ዋት ብቻ ነው፤ የቀረው ለጌጥ የተጻፈ ነው። ከላይ ያነሣነው ስብስብ በሙሉ ሲሠራ ወደ 250 ዋት ስለሚጠጋ እውነተኛ 500 ዋት ይበቃዋል፤ 750 መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ዕቃው ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ ከኋላው ይታይ፤ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለበትና በ115 ላይ እንዳለ ከእኛ 220 ቮልት ጋር ከተገናኘ ወዲያው ይቃጠላል። ዩፒኤስ የሚገዛም ቪኤ እና ዋት አንድ እንዳይመስሉት፤ 650 ቪኤ የተባለው ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዝቶ ካርድ መጨመርስ? መንገዱ ርካሽ ነው፥ አንነቅፈውም። ነገር ግን ዴል ኦፕቲፕሌክስን የመሰሉት ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸውም ማዘርቦርዳቸውም የራሳቸው ዓይነት ስለ ሆነ ከገበያ የተገዛ አይገጥማቸውም። ስለዚህ ከመሰኪያው በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፤ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልጉት ጂቲኤክስ 1650ዎች ለዚህ ይሆናሉ። አርኤክስ 6400 የሚፈልገው 53 ዋት ቢሆንም በአራት መስመር ብቻ ስለሚገናኝ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ቫሎራንት የሚጫወት ሰው ደግሞ ጨዋታው በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እንደሚጠይቅ ይወቅ፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ስለ ኬዝ ብዙ አንልም። አየር ከፊት ገብቶ በኋላ ከወጣና አቧራ የሚይዝ ወንፊት ካለው ይበቃል፤ የሚያበራውን መብራት ማንም ተጫውቶበት አያውቅም።

ገንዘቡ አንድ ጊዜ ላልሞላለት ተማሪ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከ5600 ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን 5600ጂ ቢገዛ፥ በውስጡ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ያለ ካርድ ይሠራል፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም ይጽፍበታል፥ ዶታ 2ንም ሥዕሉን ዝቅ አድርጎ ይጫወትበታል። ካርዱ ቆይቶ ይጨመራል። የውስጥ ማኅደሩ ከ5600 ግማሽ በመሆኑ ካርድ ሲጨመርበት በመጠኑ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መሰኪያው ግን ያው ስለ ሆነ ፕሮሰሰሩን ሸጦ በሌላ መተካት አያስቸግርም።