በመስኮት ዙሪያ የሚገኙ የነፍሳት እንቁላልና ጎጆዎች

በሐዋሳ ከተማ፣ በተለይም በሐይቁ አቅራቢያ፣ የማታ መብራት ብዙ ነፍሳትን ወደ መስኮት ይስባል። ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው የመቃኑ ጥግ ደግሞ ለእንቁላልና ለጎጆ ይመቻል። የተገኘውን ሁሉ እንደ አንድ ቆጥሮ መርዝ መርጨት ገንዘብ ያባክናል፤ ጠቃሚውን አጥፍቶ ጎጂውንም ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ መለየት ከመርጨት ይቀድማል።

፩. የጭቃ ጎጆ፦ በጥግ የተለጠፈ፣ ጣት የሚያህል የደረቀ ጭቃ ብቻዋን የምትኖር ተርብ ቤት ነው። እናቲቱ ሸረሪቶችን አደንዝዛ ለልጆቿ ስንቅ ታኖራለች፤ እምብዛም አትናደፍም።

፪. ወረቀት መሳይ ጎጆ፦ ግራጫ ሆኖ የክፍሎቹ አፍ ወደ ታች የተከፈተ ከሆነ በኅብረት የሚኖሩ ተርቦች ቤት ነው። ሲነኩት በአንድነት ይናደፋሉና ሕፃናት እንዳይቀርቡት ይደረግ፤ ልምድ ያለውም ሰው ያስወግደው።

፫. እንቁላሎች፦ እያንዳንዱ በቀጭን ክር ጫፍ የቆመ እንቁላል ክሽክሽ የተባለውን የሰብል ተባይ የሚበላ ነፍሳት ስለሆነ ይተው። ባቄላ መሳይ ቡናማ ከረጢት የበረሮ ነው፤ ተጠርጎ ይቃጠል። ሐር መሳይ ነጭ ከረጢት የሸረሪት ነው።

፬. የአፈር መስመር፦ ከመሬት ተነሥቶ በግድግዳው እስከ መቃኑ የሚወጣ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የአፈር መስመር የምስጥ መንገድ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ምስጥ የእንጨቱን ውስጥ በልቶ ላዩን ደኅና አስመስሎ ይተወዋልና። ጥቂት ክፍሉን አፍርሶ ከቀናት በኋላ መመልከት ይገባል፤ ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ በሥራ ላይ ነው።

የወባ ትንኝ እንቁላል ግን በመስኮት አይገኝም፤ የሚጣለው በውኃ ላይ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በኢትዮጵያ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ይህች ትንኝ በከተማ ውስጥ ለቤት አገልግሎት በሚጠራቀም ውኃ ትራባለች። ስለዚህ ትንኝ በመስኮት ላይ የታየበት ቤት በርሜሉንና የውኃ ታንከሩን ይመርምር። በርሜል ይከደን፤ በየሳምንቱም ባዶ ተደርጎ ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ፤ እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈልጋልና።

የሰበካ ጉባኤው ተግባር፦ በየሩብ ዓመቱ የቤተ ክርስቲያኑንና የአገልጋዮችን ቤቶች መስኮቶች በመዞር መመርመር፣ የተገኘውን በመዝገብ ማስፈር፣ የምስጥ ምልክት ሲታይ ሳይዘገይ ባለሙያ መጥራት፣ ምእመናንም ውኃቸውን እንዲከድኑ ማስተማር ነው።