«ግምቱ ይኸው» ሲባል የማን ግምት?

አንድ ወዳጄ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ያለ አሮጌ ቪላ ለመግዛት ተስማማ፡፡ ደላላው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አምጥቶ «ባንክ እንኳ ይህን ያህል ገምቶታል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» አለው፡፡ ወዳጄ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይቶ ገዛ፡፡ ክረምት ሲገባ አዲስ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ተሰነጠቀ፡፡ ወረቀቱን መልሶ ቢያነብ ስለ መሠረቱም ሆነ ስለ ግድግዳው ደህንነት አንድም ቃል አልነበረበትም፡፡ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው፡፡

ውድ አንባቢያን! የዋጋ ግምትና የቤት ይዞታ ምርመራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ የመጀመሪያው «ስንት ያወጣል?» ለሚለው፣ ሁለተኛው «ምን ጉድለት አለበት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፡፡ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም፡፡

ግምትም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ የባንክ መሐንዲስ የሚገምተው ለብድር መያዣ ነው፡፡ ቤቱን ዛሬ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወጪ አስልቶ በእርጅናው መጠን ይቀንሳል፤ ባንኩ ቤቱን በሐራጅ ለመሸጥ ቢገደድ እንዳይጎዳም ይጠነቀቃል፡፡ የከተማው አስተዳደር ግምት ለስም ዝውውር ክፍያ የሚውል ነው፡፡ የገበያው ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው፡፡ ስለዚህ ወረቀቱን ስናነብ ማን አዘዘው? ለምን ጉዳይ? መቼ ተገመተ? ብለን እንጠይቅ፡፡ የሁለት ዓመት ግምት የዛሬን ዋጋ አይነግረንም፡፡

በአገራችን ሌላም ነገር አለ፡፡ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል፡፡ ይሁንና ኦሎምፒያን በመሰለ ሥፍራ ያለ የጭቃ ቤት በከፍተኛ ዋጋ የሚጠየቅበት በግድግዳው ሳይሆን በቦታው ምክንያት ነው፡፡ እንግዲህ ሪፖርቱ የቤቱን ዋጋና የቦታውን ጠቀሜታ ለይቶ ማሳየቱን፣ ይዞታው ነባር ወይም ሊዝ መሆኑን፣ ሊዝ ከሆነም የቀረውን ዘመንና ያልተከፈለ ዕዳ መመልከት ያሻል፡፡ በሪፖርቱ የተጻፈው ካሬ ሜትር ከካርታው ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ሰርቪስ ቤቶቹ ፈቃድ እንዳላቸው፣ እግድ ወይም የባንክ መያዣ አለመኖሩንም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማጣራት የግድ ነው፡፡

ወደ ምርመራው ሪፖርት ስንመጣ፣ በቦሌና በዙሪያዋ ብዙ ሥፍራ የሚገኘው ጥቁር ኮትቻ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፡፡ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ቤት አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል፡፡ በልስኑ ላይ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያሰጋም፤ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ ተነሥቶ የሚሰፋው ግን መሐንዲስ ያስጠራል፡፡ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷልና ስንጥቁ መቼ እንደ ተከሠተ መጠየቅም ተገቢ ነው፡፡ ኮርኒሱ ላይ ያለው የውኃ ምልክት፣ ምስጥ የበላው የጣሪያ እንጨት፣ የፍሳሹ መውጫ በሪፖርቱ ተጠቅሰዋልን? «በዓይን የታየውን ብቻ» የሚል ቃል ካለ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባና ከወለሉ በታች ያለው አልታየም ማለት ነው፡፡

ሻጮችም ድርሻ አለን፡፡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ባለቤቱ እርጥቡን ገዢ እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ መገሠጻቸውን የማያውቅ ሙስሊም የለም፡፡ ስንጥቅን በቀለም ሸፍኖ መሸጥ ከዚያ በምን ይለያል? ነውሩ ተደብቆ የተሸጠለት ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለውም ፊቅህ ያስተምራል፡፡

በመጨረሻም፣ ግብር ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ዋጋን አሳንሶ መጻፍ ከሐሰትነቱ ሌላ ገዢውን ባዶ እጁን ያስቀራል፡፡ ሽያጩ ቢፈርስና «በወረቀቱ የሰፈረው ይመለስ» ቢባል የቀረውን በምን ያስረዳል?

ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ለአንድ ገለልተኛ መሐንዲስ የምንከፍለው ገንዘብ ከሚያድነን ኪሣራ አንፃር ጥቂት ነው፡፡ መሐንዲሱን ደላላው ሳይሆን እኛ ራሳችን እንምረጥ፡፡